ሮዶናይት፣ ሮዶክሮሳይት ወይስ ሌላ? የማንጋኒዝ ማዕድናትን ለይቶ የመምረጫ መመሪያ

ሮዝ ሆኖ ጥቁር መስመር የሚያቋርጠው ድንጋይ አይታችሁ ከሆነ ምናልባት ሮዶናይት ነው። "ምናልባት" ያልኩት በምክንያት ነው። ማንጋኒዝ የያዙ ሮዝ ማዕድናት ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ለቀለበት ይሆናሉ። አንዳንዶቹ ጣት ላይ ብዙም ሳይቆዩ ይጫጫራሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ በዓይን ጨርሶ አይለዩም፤ ኤክስሬይ ይፈልጋሉ።

ድንጋይ የምትገዙ፣ የምትሰበስቡ ወይም የምታጠኑ ከሆነ ከወዲሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ በቀለም አትምረጡ። ቀለሙ ማንጋኒዝ መኖሩን ይጠቁማል፤ ማንጋኒዙ ከምን ጋር እንደተጣመረ ግን አይናገርም። ጥንካሬውን፣ አሰነጣጠቁን፣ ክብደቱንና ዕድሜውን የሚወስነው ደግሞ ይኸው ጥምረት ነው።

ሮዶናይት የት ይመደባል?

ሮዶናይት የማንጋኒዝ ሲሊኬት ነው። ስሙን ያገኘው በ1819 ከጀርመናዊው የማዕድን ባለሙያ ከክርስቶፍ ፍሪድሪክ ያሼ ነው። የሲሊኬቶች ሁሉ መነሻ አንድ አሃድ ነው፤ መሀል ላይ አንድ ሲሊከን፣ ዙሪያውን አራት ኦክስጅን። ምደባው የሚሠራው ይህ አሃድ ከጎረቤቱ ጋር እንዴት እንደተያያዘ በማየት ነው። አሃዶቹ ተነጣጥለው ከቆሙ አንድ ምድብ፣ ሰንሰለት ከሠሩ ሌላ ምድብ፣ ንጣፍ ከሆኑ ሌላ ምድብ። ሮዶናይት ከሰንሰለቶቹ ነው። ቴፍሮይት የሚባለው ሌላ የማንጋኒዝ ሲሊኬትና ስፔሳርቲን የሚባለው ጋርኔት ደግሞ አሃዶቻቸው ተነጣጥለው ከቆሙት ናቸው።

በሰንሰለቶቹ መካከልም ልዩነት አለ። ለእኔ የዚህ ቤተሰብ በጣም ደስ የሚለው ነገር እዚህ ጋ ነው። ፓይሮክሲን በሚባሉት የሰንሰለት ሲሊኬቶች ውስጥ ሰንሰለቱ በየሁለት አሃዱ ራሱን ይደግማል። በባስታማይት በየሦስት፣ በሮዶናይት በየአምስት፣ በፓይሮክስማንጋይት በየሰባት። ይህን የሚያመጣው የአዮኖቹ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሙል የያዙት የብረታ ብረት አቶሞች፣ መጠን ነው። ማንጋኒዝ ከማግኒዝየም ይተልቃል፣ ካልሲየም ደግሞ ከማንጋኒዝ ይተልቃል። ሰንሰለቱ አጠገቡ ከተደረደሩት ትላልቅ አዮኖች ጋር ለመግጠም መታጠፍ ግድ ይሆንበታል። በስንት አሃድ እንደሚታጠፍ ማወቅ ማዕድኑን ማወቅ ነው። ባስታማይት፣ ሮዶናይትና ፓይሮክስማንጋይት ፓይሮክሲን ስለሚመስሉ ግን ስላልሆኑ "ፓይሮክሰኖይድ" ተብለው ለብቻቸው ተመድበዋል።

ስለ ስያሜ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ድሮ "ሮዶናይት" ሲባል ማንጋኒዝ፣ ብረት፣ ማግኒዝየምና ካልሲየም በተለያየ መጠን የተቀላቀሉበት አንድ ማዕድን ማለት ነበር። በ2019 ቡድኑ እንደ አዲስ ተደራጀ። በክሪስታሉ ውስጥ አምስት ዓይነት የአዮን መቀመጫዎች አሉ። ትልቁን መቀመጫ ካልሲየም ከያዘው፣ የቀሩትን ደግሞ ማንጋኒዝ ከያዛቸው፣ ድንጋዩ ሮዶናይት ነው። ከቀሩት አንዱን፣ ጠበብ ያለውን መቀመጫ ብረት ከተቆጣጠረው ፌሮሮዶናይት ይባላል። ይህ ማዕድን የታወቀው ከአውስትራሊያው ብሮክን ሂል በተገኘ ናሙና ነው። ትልቁን መቀመጫ ጭምር ማንጋኒዝ ከያዘው ደግሞ ስሙ ቪቲንኪይት ነው፤ በፊንላንድ ከሚገኘው ቪቲንኪ የተወሰደ።

ለጌጥ ለሚገዛ ሰው ይህ ክፍፍል ምንም አይለውጥም። ሦስቱም በዓይን አንድ ናቸው። ለሰብሳቢ ግን ይለውጣል። ምልክቱ ላይ "ቪቲንኪይት" ተብሎ ዋጋ የተጨመረበት ናሙና ካያችሁ የኬሚካል ትንታኔ ውጤቱን ጠይቁ። ያለ ትንታኔ እንዲህ ብሎ መሰየም አይቻልም።

ለምን አንድ ቦታ ይገኛሉ?

ከባሕር በታች የተጠራቀመ፣ በማንጋኒዝ የበለጸገ ደለል አለ እንበል። ውስጡ የማንጋኒዝ ካርቦኔት ማለትም ሮዶክሮሳይት፣ እንዲሁም ሲሊካ ይዟል። ይህ ደለል በጊዜ ብዛት ሲቀበርና ሲሞቅ ሮዶክሮሳይቱ ከሲሊካው ጋር ይዋሃዳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ የሚቀረው ሮዶናይት ነው። ሲሊካው ካነሰ ቴፍሮይት ይፈጠራል። አሉሚኒየም ያለበት ሸክላ ከነበረ ደግሞ ስፔሳርቲን።

ይህን ማወቅ ለምርጫ ይጠቅማል። ሮዶናይትና ሮዶክሮሳይት በአንድ ድንጋይ ውስጥ ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ፤ ውህደቱ ሁልጊዜ እስከ ጥግ አይሄድም። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሞክሮ መደምደም አይበቃም። በሌላ በኩል ቴፍሮይት ከኳርትዝ ጋር ተጣብቆ አያድግም፤ ሲሊካው ቢኖር ኖሮ ሮዶናይት ይሆን ነበር። አንድ ሻጭ "ቴፍሮይት ነው" ያላችሁ ግራጫ ድንጋይ ኳርትዝ ከተቀላቀለበት ጥርጣሬ ይግባችሁ።

ሮዶናይት ከሮዶክሮሳይት

ሰው አብዝቶ የሚያምታታው እነዚህን ሁለቱን ነው። ስማቸው ይመሳሰላል፤ ቀለማቸው ይመሳሰላል፤ ክብደታቸውም ይቀራረባል። ግን አንዱ ሲሊኬት ነው፣ ሌላው ካርቦኔት። ሲነኩ፣ ሲጫሩና ሲሰበሩ የተለያዩ ናቸው።

በጥንካሬ እንጀምር። ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የሞህስ የጥንካሬ መለኪያ ሮዶናይት ከ5.5 እስከ 6.5 ነው። ሮዶክሮሳይት ከ3.5 እስከ 4 ነው። ተራ የቢላ ስለት 5.5 አካባቢ ነው። ስለዚህ ቢላው ሮዶክሮሳይትን በቀላሉ ይጭረዋል፤ ነጭ ዱቄት ታያላችሁ። ሮዶናይት ላይ ግን ቢላው ይንሸራተታል፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከቢላው የተፋቀ ግራጫ የብረት መስመር ይቀራል። ያን መስመር ጭረት ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ጣታችሁን አርጥባችሁ እሹት። ከጠፋ ድንጋዩ አልተጫረም። ሙከራውን ያልተወለወለ ጀርባው ላይ አድርጉት፤ ጥቁሩ መስመር ላይ ሳይሆን ሮዙ ላይ። ጥቁሩ የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ነው፤ ጥንካሬው ስለ ሮዶናይቱ ምንም አይነግራችሁም።

ቀጥሎ አሰነጣጠቅ። የተሰበረ ቁራጭ ወስዳችሁ ብርሃን ላይ አዟዙሩት። አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ድንገት ብልጭ ሲል የተሰነጠቀበትን ገጽ አገኛችሁ ማለት ነው። ሮዶናይት ፍጹም በሆነ መንገድ የሚሰነጠቀው በሁለት አቅጣጫ ሲሆን፣ ሁለቱ ገጾች የሚገናኙት 92.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ለዓይን የሳጥን ጠርዝ ይመስላል። ሮዶክሮሳይት በሦስት አቅጣጫ ይሰነጠቃል፤ ማዕዘኖቹም ያጋደሉ ናቸው። ቁራጩ ገፋ ተደርጎ ያዘመመ ሳጥን ይመስላል፤ ካልሳይትን ሰብሮ ያየ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ይህ ምልክት ጥሩ ክሪስታል ላይ ግልጽ ነው። ጥቃቅን ቅንጣቶች ተጠቅጥቀው የሠሩት ድፍን ድንጋይ ላይ ግን አይታይም። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው የጌጥ ሮዶናይት ደግሞ ድፍኑ ነው።

አሲድ ሦስተኛው መንገድ ነው። ሮዶክሮሳይት በቀዝቃዛ፣ በተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ሞቅ ሲል ግን ይፍለቀለቃል። ሮዶናይት አይፍለቀለቅም። ችግሩ ግን ሮዶናይት ውስጥ የካልሳይት ወይም የሮዶክሮሳይት ሥር ካለ አረፋ ይወጣል፤ ሰውም ይሳሳታል። አረፋው ከየትኛው ነጥብ እንደሚነሳ በአጉሊ መነጽር እዩ። የተወለወለ ጌጥ ላይ አሲድ ጨርሶ አታድርጉ፤ ልክ ብትሆኑም ጌጡን ታበላሻላችሁ።

የከበረ ድንጋይ መለኪያ ያለው ሰው ደግሞ ድንጋዩን ሳይጎዳ ይለያል። የሮዶናይት የብርሃን ስብራት መጠን 1.73 አካባቢ ነው፤ በአቅጣጫ የሚለዋወጠው በ0.013 ገደማ ብቻ ነው። ሮዶክሮሳይት ላይ ይህ ቁጥር ከ1.60 አካባቢ እስከ 1.81 ይዘልላል። የ0.2 ልዩነት ማለት በግልጽ ክሪስታል ውስጥ ስታዩ የኋላው ጠርዝ ሁለት ሆኖ ይታያል ማለት ነው።

ቀለምና ንድፍ የመጨረሻው ማስረጃ ይሁኑ። ሮዝና ነጭ ተደራርቦ የቀለበት ቅርጽ ከሠራ ብዙውን ጊዜ ሮዶክሮሳይት ነው። በአርጀንቲና ካታማርካ ግዛት የሚገኘው ካፒሊታስ በዚህ ዓይነቱ የታወቀ ነው። ጥቁር ሥር የተዘረጋበት ሮዝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሮዶናይት ነው። ጥቁሩ የሚመጣው ማንጋኒዙ አየርና ውሃ አግኝቶ ኦክሳይድ ሲሆን ነው። ሆኖም ጥቁር የሌለው ንጹሕ ሮዶናይት አለ፤ ገጹ የጠቆረ ሮዶክሮሳይትም አለ።

የትኛውን ልግዛ ካላችሁ መልሴ እንዲህ ነው። ለአምባር፣ ለቀለበት፣ ለጠረጴዛ ዕቃ ድፍን ሮዶናይት ይሻላል። ጥቃቅን ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ስለተቆላለፉ ምት ይችላል። ሮዶክሮሳይት ለአንገት ሐብልና ለጆሮ ጌጥ ይሁን፤ ከጠረጴዛና ከበር እጀታ ጋር የማይጋጭበት ቦታ። ለማየት ብቻ፣ ለመደርደሪያ ከሆነ ግን ጥሩ የሮዶክሮሳይት ክሪስታልን የሚያህል ጥቂት ነው። በአሜሪካ ኮሎራዶ ከሚገኘው ስዊት ሆም ማዕድን ማውጫ የወጡት ደማቅ ቀይ ክሪስታሎች በዓለም ሙዚየሞች የታወቁ ናቸው። ግልጽ የሮዶናይት ክሪስታልም ያምራል፤ ብሮክን ሂል ከእርሳስ ማዕድኑ ከጋሌና ውስጥ ያወጣቸው ድንቅ ናቸው። ግን በሁለት አቅጣጫ ፍጹም ስለሚሰነጠቅ ቆርጦ ማበጀት ለባለሙያውም ፈተና ነው። ተቆርጦ የተወለወለ ግልጽ ሮዶናይት የሳጥን ጌጥ ነው፤ የጣት አይደለም።

ድፍን ሮዶናይት የሚችለውን ለማየት ሩሲያን ተመልከቱ። በየካተሪንበርግ አቅራቢያ ከሚገኘው የኡራል ሮዶናይት ትላልቅ ሥራዎች ተሠርተዋል። የዳግማዊ አሌክሳንደር ሚስት የንግሥተ ነገሥት ማሪያ አሌክሳንድሮቭና የመቃብር ሣጥን የተጠረበው ከዚህ ድንጋይ ነው፤ በ1906 ሴንት ፒተርስበርግ በሚገኘው የጴጥሮስና ጳውሎስ ካቴድራል ተቀመጠ። በ1938 የተከፈተው የሞስኮው ማያኮቭስካያ ሜትሮ ጣቢያ ዓምዶችም ሮዶናይት አላቸው። ከሮዶክሮሳይት እንዲህ ዓይነት ነገር ለመሥራት የሚደፍር የለም።

ቱላይትና ቀለም የተቀባ ድንጋይ

ቱላይት ዞይሳይት የሚባለው ማዕድን ሮዝ ዓይነት ነው። ኖርዌይ ውስጥ በ1820 ነው የታወቀው። መሠረቱ ካልሲየምና አሉሚኒየም ሲሆን ማንጋኒዝ ያለው ለቀለም ያህል ትንሽ ብቻ ነው። ጥንካሬው ከ6 እስከ 7 ስለሆነ ለጌጥ ከሮዶናይት አያንስም። ስለዚህ ቱላይት በሮዶናይት ስም ቢሸጥላችሁ በጥንካሬ አልተጎዳችሁም፤ ግን የከፈላችሁበት ድንጋይ እሱ አይደለም።

እዚህ ላይ ነው ሚዛን የሚያስፈልገው። ድንጋዩን መጀመሪያ በደረቁ መዝኑት። ከዚያ በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ሳለ መዝኑት፤ ዕቃውን እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ የተለጠፈበትን የአየር አረፋም አራግፉ። በደረቁ 43.2 ግራም፣ ውሃ ውስጥ 31.2 ግራም መዘነ እንበል። ልዩነቱ 12 ነው። 43.2ን ለ12 ስታካፍሉት 3.6 ይመጣል፤ ይህ ቁጥር አንጻራዊ እፍግታ ይባላል። ሮዶናይት ከ3.57 እስከ 3.76 ስለሆነ ይገጥማል። ቱላይት ከ3.1 እስከ 3.4 ነው። 2.7 አካባቢ ከመጣላችሁ የያዛችሁት ኳርትዝ የበዛበት ድንጋይ ወይም ቀለም የተነከረ ሌላ ነገር ነው።

ይህ ልኬት ሮዶናይትን ከሮዶክሮሳይት አይለይም፤ እሱም 3.7 ይደርሳል። ለዚያ ቢላው ይሻላል። ሁለቱ ሙከራዎች አንድ ላይ ግን አብዛኛውን ጥያቄ ይመልሳሉ። ድፍን ሮዶናይት ውስጥ ኳርትዝ ካለ ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ 3.5 ቢመጣ ድንጋዩን ወዲያው አትጣሉት።

ስለ ተነከረ ድንጋይ ደግሞ፣ ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ተጠራቅሞ ጠቆር ካለ፣ የዶቃው ቀዳዳ አካባቢም ከቀረው ገጽ ይልቅ ከደመቀ ተጠራጠሩ። በአሴቶን የራሰ ጥጥ ቀዳዳው አጠገብ እሹበት። ሮዶናይት ቀለም አይለቅም። ጥቁር ነገር ብቻ ጥጡ ላይ ከወጣ ግን ኦክሳይዱ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ጣት ያጠቁራል።

በዓይን የማይለዩት

ፓይሮክስማንጋይትና ሮዶናይት በቀለም፣ በጥንካሬና በክብደት አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። የፓይሮክስማንጋይት ጥንካሬ ከ5.5 እስከ 6፣ አንጻራዊ እፍግታው ከ3.61 እስከ 3.80 ነው። ቢላም ሚዛንም አይረዳም። ለገዢ ይህ ጭንቀት አይደለም፤ እንደ ሮዶናይት ያዙት። ለተማሪ ግን ልዩነቱ ትርጉም አለው፤ ፓይሮክስማንጋይት ከፍ ያለ ግፊትና ዝቅ ያለ ሙቀት ያጸናዋልና አለቱ ያለፈበትን ሁኔታ ይናገራል።

ቀጭን ቁራጭ አዘጋጅቶ በፖላራይዚንግ ማይክሮስኮፕ የሚያይ ሰው ሁለቱ የብርሃን ዘንጎች የሚሠሩትን ማዕዘን ይለካ። በሮዶናይት ሰፊ ነው፤ 60 እና 70 ዲግሪዎቹ ውስጥ ይወድቃል። በፓይሮክስማንጋይት ጠባብ ነው፤ 35 እና 45 ዲግሪ መካከል። ሁለቱም የብርሃን ምልክታቸው፣ በዚያው ማይክሮስኮፕ የሚነበበው፣ አዎንታዊ ነው። ባስታማይት በተቃራኒው አሉታዊ ነው። ካልሲየም ስለበዛበት ቀለል ይላል፤ 3.3 እና 3.4 አካባቢ ነው። ቀለሙም ወደ ቡናማ የሚያዘነብል ፈዛዛ ሮዝ ነው። እርግጠኛ ለመሆን የሚፈልግ ግን ኤክስሬይ ወይም ራማን የሚባለውን የሌዘር ብርሃን ትንታኔ ይጠቀም፤ በተለይ ሁለቱ ማዕድናት በአንድ ቅንጣት ውስጥ ተደራርበው ሲያድጉ ማይክሮስኮፕ ብቻውን ያታልላል።

ለቀለበት የሚሻለው

በየቀኑ ለሚደረግ ቀለበት ግልጽና ተቆርጦ የተወለወለ የማንጋኒዝ ሲሊኬት ከፈለጋችሁ ምርጫው አንድ ነው፤ ስፔሳርቲን። ጥንካሬው ከ6.5 እስከ 7.5 ነው፤ የሚሰነጠቅበት አቅጣጫ የለውም። ቀለሙ ግን ሮዝ አይደለም፤ ከብርቱካናማ እስከ ቀይ ቡናማ ነው። ሮዙን አጥብቃችሁ ከፈለጋችሁ ወደ ድፍኑ ሮዶናይት ተመለሱ፤ ጠርዝ የሌለው፣ ጉብ ብሎ የተወለወለ ይሁን፤ ዙሪያውን በብረት የታቀፈ።

ለማንጋኒዝ ምንጭነት

ድንጋዩን የምታዩት እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ማዕድን ሀብት ከሆነ ምርጫው ይገለበጣል። ንጹሕ ሮዶክሮሳይት በክብደቱ 48% ገደማ ማንጋኒዝ ነው። ካልሲየም ያለበት ሮዶናይት 34% ገደማ ነው። ቴፍሮይት 54% ይደርሳል። ስፔሳርቲን 33% ብቻ ነው። ብራውናይት የሚባለው ጥቁር ማዕድን ደግሞ 64% ገደማ ይዞ እሱም ከሲሊኬቶቹ ይቆጠራል፤ ውስጡ ያለው ሲሊካ ግን ትንሽ ነው። በደቡብ አፍሪካው የካላሃሪ ማንጋኒዝ አካባቢ ዋነኛ ከሆኑት ማዕድናት አንዱ ነው።

ቁጥሩ ብቻ አይበቃም። ሮዶክሮሳይት ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፤ የቀረው ኦክሳይድ ነው። ሮዶናይት ውስጥ ያለው ሲሊካ ግን አብሮ ወደ ምድጃ ይገባል፤ ዝቃጭ ይበዛል፤ ኃይልም ይበላል። ለዚህ ነው ሮዶናይት የበዛበት ክምችት ሲገኝ ባለሙያዎች መጀመሪያ ላይኛውን፣ የጠቆረውን ክፍል የሚመረምሩት። ዝናብና አየር ለረጅም ዘመን ሲሊካውን አጥቦ ማንጋኒዙን ኦክሳይድ አድርጎ ያበለጸገው እሱን ነው።

ከገዛችሁ በኋላ

ሮዶናይትን በለብታ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡ። በእንፋሎትና በአልትራሳውንድ የሚያጸዳ ማሽን አይግባበት። ጥቁር ሥሮቹ አንዳንዴ ስንጥቅ ናቸው፤ ስንጥቁም በሙጫ የተሞላ ሊሆን ስለሚችል ስትገዙ ጠይቁ፤ ሙጫ ሙቀት አይወድም። ሮዶክሮሳይት ከዚህም የባሰ ጥንቃቄ ይሻል፤ ሎሚና ኮምጣጤ ገጹን ያፈዝዙታል። ከኳርትዝ ዶቃዎች ጋር በአንድ ከረጢት አታስቀምጡት፤ ኳርትዝ 7 ነው፣ እሱ ከ4 አይበልጥም። ያልተወለወለ የሮዶናይት ናሙና ደግሞ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ ውጭ ዝናብ ላይ የተተወ ከጊዜ ብዛት ገጹ እየጠቆረ ይሄዳል።